«አገልግሎትዎ ሊቋረጥ ነው» የሚል ኢሜል ሲደርሳችሁ፦ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የመለያ ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ውስጥ ብዙ ሥራ በኢሜል ላይ ቆሟል። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያወጣው ትራንዚተር የጭነት ሰነዱን የሚቀበለው በኢሜል ነው፤ የስብሰባ አዳራሽ የሚያከራየው ሆቴል ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ቡድን የስም ዝርዝር የሚጠብቀው በኢሜል ነው፤ ለውጭ አገር ትምህርት ያመለከተው ተማሪም እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች ኢንተርኔት ተቋረጠ ማለት ሥራ ቆመ ማለት ነው። «የኢንተርኔት አገልግሎትዎ ዛሬ ማታ ይቋረጣል» የሚለው የሐሰት ደብዳቤ ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ አጭበርባሪው ሌላ ማስፈራሪያ መፈልሰፍ አያስፈልገውም።

ሌላም ምክንያት አለ። ቀደም ሲል የቴሌን ስም ይዞ የሚያታልል ሰው ቢሳካለት የሚያገኘው የኢሜል የይለፍ ቃል ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ያው ስም የገንዘብ ቦርሳም ስም ሆኗል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከከፈተ በኋላ ኤምፔሳን አስከትሏል። ስለዚህ ዛሬ «ከኢንተርኔት አቅራቢዎ» የሚል ደብዳቤ ስታዩ፣ የላከው ሰው ከኢሜላችሁ አልፎ በስልካችሁ ያለውን ብርም ያሰበ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ አላጋነናችሁም።

ከዚህ በታች ያለው፣ በኮምፒውተር ጥገና ሥራዬ ላይ ሰዎች ስልካቸውን ዘርግተው «ይህ ነገር እውነት ነው?» ሲሉኝ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመልኩ ነው፤ አርማው ትክክል ነው? ቀለሙስ? አርማና ቀለም ግን ከድርጅቱ ድረ ገጽ በአንድ ደቂቃ ይገለበጣሉ። በእኔ ዘንድ መልክ ለምስክርነት አይቆጠርም፤ ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ስለ አርማ ከዚህ በኋላ አላነሳም።

ደረጃ 1፦ ምንም አትንኩ

ደብዳቤውን ከፍቶ ማንበብ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያመጣም። ጉዳቱ የሚመጣው ሊንኩን ስትጫኑ፣ አባሪውን ፋይል ስትከፍቱ፣ በተሰጠው ቁጥር ስትደውሉ ወይም መልስ ስትጽፉ ነው። «ከዝርዝሩ ልወጣ» የሚለውን ቁልፍም ተዉት፤ አጠራጣሪ ደብዳቤ ላይ ያ ቁልፍ አድራሻችሁ በሥራ ላይ መሆኑን ለላኪው ከማብሰር ያለፈ ጥቅም ላይኖረው ይችላል። ደብዳቤውን አታጥፉት። ለማንም ሰው «እስቲ ይህን እየው» ብላችሁ አታስተላልፉትም፤ እርሱ ሊጫነው ይችላል። ማሳየት ካስፈለገ ስክሪንሾት ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ደብዳቤውን ከመመርመራችሁ በፊት የራሳችሁን ውል አስታውሱ

ይህ ደረጃ ምንም ቴክኒክ የለበትም። ቢሆንም እኔ ካየኋቸው የሐሰት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የወደቁት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ወረቀት አውጡና አራት ነገር ጻፉ። የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ማን ነው? ክፍያችሁ ቅድመ ክፍያ ነው ወይስ በወር መጨረሻ ቢል የሚመጣበት? ውሉን ስትዋዋሉ የሰጣችሁት ኢሜል የትኛው ነው፣ ወይስ ጭራሽ ኢሜል አልሰጣችሁም? የኢሜል ሳጥናችሁስ የማን ነው? ከዚያ ደብዳቤው የሚናገረውን ታሪክ ከዚህ ወረቀት ጋር አስተያዩ። በሞባይል ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው «ያልተከፈለ የሦስት ወር ቢል አለብዎት» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ፣ ላኪው ደንበኛውን አያውቀውም ማለት ነው። ለአቅራቢው ሰጥታችሁት በማታውቁት ኢሜል ላይ «ውድ ደንበኛችን» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ አድራሻውን ከየት አገኘው? ብላችሁ ጠይቁ።

አውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ ፔንሲዮን ያላቸው አንድ አዛውንት የደወሉልኝ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ነበር።

«ልጄ፣ ቴሌ ኢሜሌን ሊዘጋው ነው። ሳጥንህ ሞልቷል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አድስ ይላል።»

«ጋሼ፣ ምንም ሳይነኩ ይቆዩኝ። የኢሜልዎ መጨረሻ ላይ ምን ይላል?»

«ጂሜይል ነዋ።»

«ጂሜይል እኮ የጉግል ነው። የጉግልን ሳጥን ቴሌ በምን ሥልጣን ይዘጋዋል?»

ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሳቁ። ደብዳቤውን ገና አላየሁትም ነበር፤ ማየትም አላስፈለገኝም። የኢንተርኔት መስመር የሚያቀርበው ድርጅትና የኢሜል ሳጥን የሚሰጠው ድርጅት ለአብዛኞቻችን ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው «የኢሜል ሳጥንዎ ሞልቷል» ከሚለው ወጥመድ ግማሽ መንገድ ወጥቷል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አሁንም የቆየ የኢትዮኔት (የቴሌ የራሱ የኢሜል አገልግሎት) አድራሻ የያዙ የንግድ ቢሮዎች ጋር ነው፤ ለእነርሱ የሳጥኑ ታሪክ እውነት ሊመስል ስለሚችል ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ።

ደረጃ 3፦ የላኪውን ስም ትታችሁ አድራሻውን አንብቡ

ኢሜል ላይ በደማቁ የሚታየው የላኪ ስም ማንም ሰው በፈለገው መንገድ የሚሞላው ባዶ ቦታ ነው። «ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት» ብሎ መጻፍ ፈቃድ አይጠይቅም። ስልክ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የሚታየው ስሙ ብቻ ነውና። በጂሜይል መተግበሪያ ከላኪው ስም ሥር ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትነኩ ሙሉው አድራሻ ይዘረገፋል። ኮምፒውተር ላይም እንዲሁ ከተቀባዩ ስም አጠገብ ቀስት አለች።

አድራሻዎችን እዚህ በአማርኛ ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ እናንተ የምታዩአቸው በላቲን ፊደል ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ድረ ገጽ «ኢትዮቴሌኮም ነጥብ ኢቲ» ነው፤ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ «ሳፋሪኮም ነጥብ ኢቲ»። መጨረሻ ላይ ያለው «ኢቲ» የኢትዮጵያ መለያ ነው። አሁን «አት» ከሚባለው ክብ ምልክት በስተቀኝ ያለውን ተመልከቱ። ከቴሌ የመጣ ነው የተባለው ደብዳቤ ከምልክቱ በኋላ «ጂሜይል ነጥብ ኮም» ካለ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። እንዲህ ያለ ትልቅ ድርጅት ለደንበኞቹ ከነጻ የግል ሳጥን ደብዳቤ አይልክም።

ከበድ የሚለው አድራሻው ውስጥ የድርጅቱ ስም ሲኖር ነው። «ኢትዮቴሌኮም ነጥብ ኢቲ ነጥብ ደንበኛ-ማደሻ ነጥብ ኮም» የሚል አድራሻ አስቡ። ዓይን ከግራ ጀምሮ «ኢትዮቴሌኮም ነጥብ ኢቲ» የሚለውን ያነብና ይረካል። አድራሻ ግን የሚነበበው ከቀኝ ነው። እንደ እኛ ስም አድርጋችሁ ያዙት፦ ሰው ለልጁ የፈለገውን ስም ያወጣል፣ «ንጉሡ» ቢለውም ከልካይ የለውም፤ የአባት ስም ግን ያው የአባት ስም ነው። እዚህም «ደንበኛ-ማደሻ ነጥብ ኮም» አባት ነው፤ ከፊቱ ያለው ሁሉ አባትየው እንደፈለገው ያወጣው ስም ነው። በሌላ አነጋገር የዚህ አድራሻ ባለቤት «ደንበኛ-ማደሻ» የሚባለውን ስም የገዛ፣ ማንነቱን የማናውቀው ሰው ነው። ሰረዝም እንዲሁ ያታልላል፤ «ኢትዮቴሌኮም-ቢል ነጥብ ኮም» ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ዝምድና ሊኖረው ግዴታ የለም።

ደረጃ 4፦ ሊንኩን ሳትጫኑ አንብቡት

ስልክ ላይ ሊንኩን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት የሚወስድበት አድራሻ በትንሽ ሳጥን ይመጣል። ኮምፒውተር ላይ የማውሱን ቀስት ሳትጫኑ ሊንኩ ላይ ብታሳርፉ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ከታች በግራ ጥግ ይታያል። ላዩ ላይ የተጻፈው ጽሑፍና ውስጡ ያለው አድራሻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ላዩ ላይ «ኢትዮቴሌኮም ነጥብ ኢቲ» ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ሌላ አገር ሊወስዳችሁ ይችላል።

አድራሻውን ስታነቡ መጀመሪያ ሁለቱን ተከታታይ ዘንባላ መስመሮች እለፉ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን አንድ ዘንባላ መስመር ፈልጉ። ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ ለዚህ ሥራ አይጠቅማችሁም፣ አጭበርባሪው የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል። ከእርሱ በፊት ያለውን ደግሞ በደረጃ 3 እንዳየነው ከቀኝ አንብቡ። አድራሻው ውስጥ «አት» ምልክት ካለ ተጠንቀቁ፤ ብራውዘር (ድረ ገጽ የምትከፍቱበት ፕሮግራም) ከዚያ ምልክት በፊት ያለውን እንደ ተጠቃሚ ስም ቆጥሮት ያልፋል፣ እውነተኛው መድረሻ ከምልክቱ በኋላ ያለው ነው። በቃል ፋንታ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ብቻ ካሉም አትቀጥሉ። አጫጭር ሊንኮች መድረሻቸውን ስለሚደብቁ፣ ከአቅራቢ በመጣ ደብዳቤ ላይ እኔ እንደ ሐሰት ነው የምቆጥራቸው። ምናልባት አንዳንዴ እውነተኛውን እበድል ይሆናል፤ ያ ግን በደረጃ 8 ይታረማል።

ከሁሉም የሚከብደው የፊደል ማጭበርበር ነው። በላቲን ትንንሽ ፊደላት «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ሲጻፉ «ኤም» ይመስላሉ። «ቴሌኮም» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለውን «ኤም» አውጥታችሁ በ«አር»ና በ«ኤን» ተኩትና በስልክ ስክሪን ላይ እዩት፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ልዩነቱን አያገኘውም። ትንሿ «ኤል» በቁጥር 1፣ «ኦ» በዜሮ ትተካለች። የሩሲያ ፊደል የሆነው «አ» ደግሞ ከላቲኑ ጋር በመልክ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ፊደል ስለሆነ ሌላ አድራሻ ይሆናል። አንዳንድ ብራውዘሮች እንዲህ ያለውን አድራሻ ገልጠው «ኤክስኤን» ብሎ ሁለት ሰረዝ በሚያስከትል ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ያሳዩታል። ያንን ካያችሁ ገጹን ዝጉት።

ለዓይን የማይታየውን የሚያይ አንድ መሣሪያ አለ፦ የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥላችሁ መተግበሪያ ወይም ብራውዘሩ ራሱ። የይለፍ ቃላችሁን ከትክክለኛው አድራሻ ጋር አስሮ ያስቀምጠዋልና፣ በአንድ ፊደል የተለየ ገጽ ላይ በራሱ አይሞላውም። ሁልጊዜ ራሱ የሚሞላው ሳጥን አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ቢጠብቃችሁ በእጅ ለመጻፍ አትቸኩሉ።

በብራውዘር የአድራሻ መስመር ላይ ስለምትታየው የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክትም አንድ ነገር ልበል። «ቁልፍ ካለው ገጹ አስተማማኝ ነው» የሚለው ምክር ጊዜው ያለፈበት ነው። ምልክቷ የምትናገረው በእናንተና በገጹ መካከል ያለው መስመር የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው፤ ገጹ የማን እንደሆነ አትናገርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ዲጂታል ምስክር ወረቀት ዛሬ በነጻ ስለሚገኝ የአጭበርባሪዎች ገጾችም አላቸው። የጉግል ብራውዘር የሆነው ክሮም ምልክቷን እ.ኤ.አ. በ2023 ከአድራሻ መስመሩ ላይ አንስቶ በሌላ የተካት ሰዎች ስለሚያምኗት ነው።

ደረጃ 5፦ አባሪ ፋይል

ቢል ለማየት ፋይል ማውረድ ግድ አይደለም፤ ስለዚህ ያልጠበቃችሁትን አባሪ አትክፈቱ። ደንቡ ይህን ያህል አጭር ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ልናገር። ዊንዶውስ የታወቁ ፋይሎችን ቅጥያ (በስሙ መጨረሻ ላይ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን ክፍል) ሳያሳይ ይደብቃል፤ «ቢል ነጥብ ፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ» የሚባል ፋይል፣ ማለትም ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም፣ ስክሪኑ ላይ «ቢል ነጥብ ፒዲኤፍ» መስሎ ይታያል። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ዓለምን ያዳረሰው «አፈቅርሃለሁ» የተሰኘው ትል (ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) ሰዎችን ያሳሳተው የጽሑፍ ፋይል መስሎ በመምጣት ነበር፤ እውነተኛ ቅጥያው ግን ተደብቆ ነበር። በዊንዶውስ የፋይል ማሳያ ውስጥ «እይታ» በሚለው ሥር የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ አድርጉ፤ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ይቆያል።

ሌላው «ኤችቲኤምኤል» የተባለው ዓይነት ነው። ስትከፍቱት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ በራሳችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ይከፈታል፤ አድራሻ መስመሩ ላይ የሚመረመር የድረ ገጽ ስም የለም፤ ስለዚህ በደረጃ 4 ያልነው ሁሉ አያገለግልም። ስልክ ላይ ደግሞ «አዲሱ የቢል መክፈያ መተግበሪያ» ተብሎ የሚላክ «ኤፒኬ» (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ) ፋይል አለ። መተግበሪያ ከፈለጋችሁ ከስልካችሁ የመተግበሪያ መደብር ውሰዱ። የኤክሴል ወይም የወርድ ፋይል ከፍታችሁ «ይዘቱን ፍቀድ» የሚል ቢጫ መስመር ከመጣም አትፍቀዱ።

ደረጃ 6፦ ምን እንድታደርጉ ይፈልጋል?

ማስፈራሪያና ጥድፊያ የታወቁ ናቸው፤ ብዙ አልልም። ያነሰ የሚጠረጠረው ግን ስጦታ ነው። «ለበዓሉ 50 ጊጋባይት ተሸልመዋል»፣ «በስህተት ሁለት ጊዜ ስለከፈሉ ተመላሽ አለዎት»። ተመላሽ የሚለው በተለይ ተንኮለኛ ነው፤ ገንዘብ ለመላክ የቴሌብር ቁጥራችሁ ይበቃል፣ የሚስጥር ቁጥራችሁ ምን ይሠራለታል? ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር አይጠየቅም። በስልካችሁ የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድም እንዲሁ ነው፤ ኮዱን የሚጠይቃችሁ ሰው በዚያች ደቂቃ በእናንተ ስም ለመግባት እየሞከረ ነው።

ቋንቋን በተመለከተ፣ «የፊደል ስህተት ካለበት ሐሰት ነው» የሚለውን ምክር ግማሹን ብቻ ያዙ። ስህተት የሞላበት ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ የተስተካከለ አማርኛ ግን ለደብዳቤው ዋስ አይሆነውም። ዛሬ ኮምፒውተር ለማንም ሰው ያማረ አማርኛ ይጽፍለታል። ይልቅ ስማችሁንና የአገልግሎት ቁጥራችሁን ይዞ እንደሆነ ተመልከቱ። ከያዘም ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ ስምና ስልክ ቁጥር በየሆቴሉ መዝገብና በየቢሮው የጎብኚ ደብተር ላይ ተበትነው የሚገኙ ነገሮች ናቸው።

ደረጃ 7፦ ኮምፒውተር ላላቸው፣ የደብዳቤውን የውስጥ መዝገብ ማየት

ይህን ደረጃ መዝለል ይቻላል፤ ለቢሮ ግን ይጠቅማል። ኢሜል የሚጓዝበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲደነገግ መረቡ ላይ የነበሩት ጥቂት የሚተማመኑ ተቋማት ስለነበሩ፣ ላኪው በእርግጥ እኔ ነኝ ያለው ሰው መሆኑን የሚያጣራ ነገር አልተካተተበትም። ለዚህ ነው የላኪውን አድራሻ ሳይቀር አስመስሎ መጻፍ የሚቻለው። በኋላ ሦስት ማጣሪያዎች ተጨመሩ። «ኤስፒኤፍ» ደብዳቤው የተላከበት ማሽን ለዚያ ድርጅት እንዲልክ የተፈቀደለት መሆኑን ያያል፤ «ዲኪም» በደብዳቤው ላይ ያለውን ዲጂታል ፊርማ ይመረምራል፤ «ዲማርክ» ደግሞ የእነዚህ ውጤት በላኪ መስመሩ ላይ ከምታዩት አድራሻ ጋር መስማማቱን ያረጋግጣል።

በጂሜይል ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤውን ክፈቱና በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ የደብዳቤውን ዋና ቅጂ የሚያሳየውን ምርጫ ውሰዱ። ከላይ በሰንጠረዥ ሦስቱ ማጣሪያዎች ማለፍ አለማለፋቸው ተጽፏል። ከቴሌ ነኝ የሚል ደብዳቤ «ዲማርክ» ላይ ከወደቀ አትመኑት። ካለፈስ? ካለፈ፣ ደብዳቤው በእርግጥ ከዚያ አድራሻ መጥቷል ማለት ብቻ ነው። «ደንበኛ-ማደሻ ነጥብ ኮም» የተባለው ስም ባለቤትም የራሱን አድራሻ በሥርዓቱ አስመዝግቦ ሦስቱንም ማለፍ ይችላል። ስለዚህ ይህ ደረጃ ደረጃ 3ን አይተካውም፤ አንድ ላይ ነው የሚነበቡት።

ደረጃ 8፦ በራሳችሁ መንገድ አረጋግጡ

እስካሁን ያለው ሁሉ ጥርጣሬን ለማጠንከር ነው። የመጨረሻው ፍርድ የሚገኘው ግን ከደብዳቤው ውጭ ነው፤ ደብዳቤው ፍጹም እውነተኛ ቢመስላችሁም ይህን አትዝለሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ወደ 994 ደውሉ፤ ሳፋሪኮም ከሆነ ወደ 700። በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትጠቀሙ። ድረ ገጹን ማየት ከፈለጋችሁ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ፤ በፍለጋ ገጽ ላይ ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ስለሚችል እርሱንም አልመክርም። ቢል ካለባችሁ በተለመደው መክፈያችሁ፣ ለምሳሌ በቴሌብር መተግበሪያ ውስጥ ገብታችሁ በአገልግሎት ቁጥራችሁ ስትጠይቁ ይታያል። እዚያ ከሌለ ደብዳቤው የሚለው ዕዳ የለም።

አዳማ ከተማ ውስጥ ሆኖ አገልግሎት ማዕከሉ ድረስ ሄዶ መጠየቅም ቀላል ነው። ወረፋው ሊያስቆጣ ይችላል፤ እውነት ነው። በወረፋ ያለፈ ግማሽ ቀን ግን ከተወሰደ ገንዘብ ጋር አይወዳደርም።

በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ለሚመጣውም ይኸው ደረጃ ያገለግላል። የመልእክት ላኪ ስምም ሊመሰል ይችላል፤ እውነተኛው ድርጅት ከላካቸው መልእክቶች ጋር በአንድ ተራ ተሰልፎ ቢገኝ እንኳ አያስተማምንም።

ደረጃ 9፦ ተጭናችሁ ከነበረ

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ከምንም በላይ ዋጋ አለው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራሉና።

ሊንኩን ከፍታችሁ ምንም ሳትጽፉ ከወጣችሁና የወረደ ፋይል ከሌለ፣ ገጹን ዝጉና ስልካችሁን ወይም ብራውዘራችሁን ወደ አዲሱ ስሪት አድሱ፤ በአብዛኛው ከዚህ አያልፍም። የሚስጥር ቁጥር ወይም የባንክ መረጃ ከሰጣችሁ ግን ኢሜሉን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ወደ ባንካችሁና ወደ 994 ወይም 700 ደውላችሁ ሂሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ። ገንዘብ በደቂቃ ይሄዳል፤ ኢሜል ይጠብቃል።

የኢሜል የይለፍ ቃል ከሰጣችሁ፣ ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ገብታችሁ ቀይሩት፤ ከዚያ በሁሉም መሣሪያዎች ላይ ያለውን የተከፈተ አካውንት አስወጡ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። አጭበርባሪው ግን ከመውጣቱ በፊት የኋላ በር ትቶ ሊሆን ይችላል። በጂሜይል ማስተካከያዎች ውስጥ፣ በኮምፒውተር፣ ሁለት ቦታ ተመልከቱ፦ ደብዳቤ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲተላለፍ የታዘዘ እንደሆነና «ማጣሪያ» በሚለው ሥር እናንተ ያላዘዛችሁት ደንብ እንዳለ። «ክፍያ» ወይም «ባንክ» የሚል ቃል ያለበትን ደብዳቤ ሁሉ ሳትሰሙ ወደ ውጭ ልኮ የሚሰርዝ ደንብ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። የይለፍ ቃል ብትቀይሩም ያ ደንብ ሥራውን ይቀጥላል። የማስመለሻ ስልክና ኢሜልም የራሳችሁ መሆናቸውን እዩ። በመጨረሻ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ክፈቱ። ያንኑ የይለፍ ቃል በሌላ ቦታ ከተጠቀማችሁበት እዚያም መቀየር አለበት።

«ከቴሌ ቴክኒክ ክፍል ነኝ» ያለ ሰው ኮምፒውተራችሁን ከሩቅ የሚቆጣጠርበት መተግበሪያ አስጭኗችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጡ፤ ገመዱን ንቀሉ ወይም ዋይፋዩን አጥፉ። ከዚያ መተግበሪያውን አስወግዱና ኮምፒውተሩን ለባለሙያ አሳዩ። የራውተራችሁንም የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ቀይሩ፤ ከፋብሪካ እንደመጣ የተተወ ራውተር ብዙ ነው።

ማስረጃውን ጠብቁ። ዋናውን ደብዳቤ፣ የገባችሁበትን ገጽ ስክሪንሾት፣ የገንዘብ ዝውውሩን ቁጥርና ሰዓት ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸም ማጭበርበርንና የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን በወንጀልነት ይደነግጋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም የሳይበር ጥቃት ጥቆማ ይቀበላል። በጂሜይል ደግሞ ደብዳቤውን ከማጥፋት ይልቅ አጭበርባሪ ብላችሁ ሪፖርት አድርጉት፤ ማጣሪያው ለሌሎችም ይማራል።

ለቢሮ የተለየ ማሳሰቢያ

ለትራንዚተሮችና ለሆቴሎች የይለፍ ቃል መጥፋት የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። ሳጥናችሁ ውስጥ የገባ ሰው ሳምንታት ዝም ብሎ ደብዳቤዎቻችሁን ሊያነብ ይችላል፤ ከዚያ ትክክለኛው ክፍያ ሊፈጸም ሲል በእናንተው አድራሻ «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ለደንበኛችሁ ይጽፋል። ያ ደብዳቤ ከደረጃ 3 እስከ 7 ያለውን ፈተና ሁሉ ያልፋል፤ ከእውነተኛ ሳጥን ተልኳልና። ስለዚህ በቢሮ ውስጥ የባንክ ሂሳብ ለውጥ በኢሜል ብቻ አይፈጸም፤ አንዱ ተቀብሎ ሌላው ቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ያረጋግጥ።

ሳጥናችሁ ተይዞ ከነበረ ደንበኞቻችሁን ስታስጠነቅቁም በዚያው ኢሜል አትጻፉላቸው። አጭበርባሪው አሁንም እያነበበ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን ከእነርሱ ቀድሞ ያየዋል፣ ሊሰርዘውም ይችላል። በስልክ ደውሉ፤ መጀመሪያ በዚያ ሳምንት ክፍያ ለሚጠበቅባቸው ደንበኞች፣ ከዚያ ለሌሎቹ።